ስም የሌለው ቢላ

ጥሩ ቢላ የቱ ነው ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ መልሱ የሚመጣው በስም ነው። ስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስ አላቸው። ጀርመኖቹ ዞሊንገን የምትባል የቢላ ከተማ አለቻቸው። ጃፓኖቹ ሳካይና ሴኪ። እንግሊዞቹም ሃሪ ብሪርሊ የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ ላይ የማይዝገውን ብረት እንደሠራ እስካሁን ያወራሉ። ቢላው ጎን ላይ የከተማው ወይም የሠሪው ስም ታትሟል። ስሙ ዋስትና ነው፤ ዋጋውም ከስሙ ጋር አብሮ ይወጣል።

እናቴ ቤት ያለው ቢላ ምንም ስም የለውም። በ1986 ዓ.ም. ስታገባ ከስማዳ፣ ከወገዳ አካባቢ፣ ይዛው ወደ ነፋስ መውጫ መጣች። ያኔ ሦስት ጣት ይሰፋ ነበር ትላለች፤ አሁን አንድ ጣት ተኩል ቢሆን ነው። የቀረውን ሽንኩርትና ጎመን፣ ፋሲካና ገና በልተውታል። እጀታው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ የአሁኑ ወይራ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደ እሳት ተመልሶ ገብቶ ወጥቷል። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ ስትያዝ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ገጠር ወጣች። ስትመለስ ቴሌቪዥን የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ የእህል ጆንያ የለም። ቢላው ግን ሁልጊዜ የሚሰካበት ቦታ እንደተሰካ ነበር። የሚወስድ ሰው ዋጋ አላየበትም፤ ጥቁር፣ ያረጀ፣ ስም የሌለው ብረት ነዋ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው የእስቴ ልጅ ነው፤ ጎጆ የሚወጡትም መካነ ኢየሱስ ነው። ብርድ ልብሱም፣ ድስቱም፣ ፍሪጁም ለሰው ሁሉ ተደለደለ። እናቴ ደወለችልኝ።

«አንተ ቢላ ትገዛላታለህ» አለችኝ።

«ቢላ ብቻ?»

«ቢላ ብቻ። የሚያብረቀርቀውን አላልኩህም። የሚበረክተውን ነው።»

የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው፤ የምተዳደረው ግን ኮድ በመጻፍ ነው። ስለዚህ «የሚበረክት» የሚለውን ቃል ስሰማ ጭንቅላቴ ወዲያው ወደ ጥያቄ ይቀይረዋል። ምን ሲሠራበት የሚበረክት? እስከ መቼ? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን አብዛኛው የኢንተርኔት ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክሩ የተጻፈው መክተፊያ ላይ ቆሞ ካሮት ለሚቆርጥ ሰው ነው። እኛ ቤት ሽንኩርት ብዙ ጊዜ የሚከተፈው እጅ ላይ ነው፤ ያውም ለአንድ ድስት ወጥ በኪሎ። ስለዚህ ቢላው ቀላል መሆን አለበት፤ ከባድ ቢላ ሦስተኛው ኪሎ ላይ ክንድ ይገድላል። ዶሮ 12 ብልት ሲወጣለት ቢላው አጥንት አይሰብርም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ጫፉ ቀጭን መሆን አለበት። ዝልዝል ሲዘለዘል ደግሞ ሥጋው ሳይበጠስ ወዲያና ወዲህ እየተመለሰ እንደ ገመድ ይረዝማል፤ እዚያ ላይ የዶለዶመ ቢላ ወዲያው ይጋለጣል። ይህን ሁሉ የሚችል፣ አልፎ አልፎም አጥንት ሲነካ የማይሸረፍ ቢላ ነው የሚፈለገው። በጣም ጠንካራ የሆነው የጃፓን ቢላ ሽንኩርቱን እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል፤ የበግ አጥንት ሲያገኝ ግን አፉ ሊሸረፍ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ብረቱ ነው። ብረትን አረብ ብረት የሚያደርገው በውስጡ ያለው ካርቦን ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ለቤት ግንባታ የምናየው ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ አካባቢ ነው። የመኪና ባሌስትራ ውስጥ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሞረድ ውስጥ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ፌሮ አቃጥለህ ውኃ ውስጥ ብትነክረው ለቢላ የሚሆን ጥንካሬ አያገኝም፤ ጠዋት የተሳለው ማታ ይዶለዱማል። ሞረድ በተቃራኒው በጣም ይጠነክራል፤ ግን አሠራሩን የማያውቅ ሰው ከሠራው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ባሌስትራ መሃል ላይ ነው። ይጠነክራል፣ ግን ደግሞ ይታገሣል።

የማይዝገው ስቴንለስ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ዝገቱን የሚከለክለው እሱ ነው። ጥሩ ስቴንለስ አለ፤ ስማቸውን ከላይ የጠራኋቸው ሁሉ ይሠሩታል። ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ርካሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ ነው። ያብረቀርቃል፣ አይዝግም፣ አይቆርጥምም። ዕቃ እርጥብ ትቶ ለሚሄድ፣ ለኮንዶሚኒየም ላጤ፣ ሎሚና ቲማቲም ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ይበቃዋል። ለ30 ዓመት ግን አይሆንም።

ነፋስ መውጫ ገበያ ሄጄ ያየሁት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ፕላስቲክ እጀታ ያለው ቀጭን ስቴንለስ ነው፤ በካርቶን መጥቶ በካርቶን ይሸጣል። ሁለተኛው ከብረት ቁራጭ በግራይንደር ተቆርጦ አፉ የተሞረደ ነው፤ መልኩ ቢላ ነው፣ ግን እሳት ያየው ሲቆረጥ ብቻ ነው፤ ያውም ሙቀቱ ያበላሸዋል እንጂ አያጠነክረውም። ሦስተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ከማጭድና ከመጥረቢያ ጋር ተደርድሮ ነበር። ጥቁር ነው፤ የመዶሻው ምት ጎኑ ላይ ይታያል። የባለ እጅ ሥራ። አንዱን አንስቼ በጥፍሬ መታሁት፤ ረዘም ያለ ቀጭን ድምፅ ሰጠ።

«ከምንድን ነው የተሠራው?» አልኩት ሻጩን።

«ከባሌስትራ ነዋ፤ ከምን ሊሠራ?»

ባሌስትራ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጣሊያኖቹ መጀመሪያ ቃሉን ይጠሩበት የነበረው ለአንድ ዓይነት የጦር ቀስት ነው፤ ተለጥጦ የሚመለስ ነገር በመሆኑ በኋላ ለመኪናው ስፕሪንግም ሰጡት። እኛ ጋ የመጣው ከመኪናው ጋር ነው። ድሮ የአገራችን ባለ እጆች የብረት ማዕድኑን ከአፈር ራሳቸው ያቀልጡ ነበር። የፋብሪካ ብረት ሲበዛ ማቅለጡ ቀረ፤ መቀጥቀጡ ቀጠለ። ጋይንት ላይ ደግሞ ብረቱን ያመጣው መንገዱ ነው። ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ነፋስ መውጫን ሰንጥቆ ወደ ጋሸና ይሄዳል። በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ጭነት የበዛበት መኪና ባሌስትራ ይሰብራል። የተሰበረው ለሹፌሩ ኪሳራ ነው። ለባለ እጁ ግን ማረሻ፣ ማጭድና ቢላ ነው። የእናቴን ቢላ ሽንኩርት ሲከትፍ ያየ ሰው ያ ብረት አንድ ጊዜ እህል የጫነ መኪና ተሸክሞ እንደነበር አይጠረጥርም።

ሻጩ ነጋዴ ነው፤ ሠሪው ሌላ ነው። «ሠሪው የት ነው?» ስለው ታች ጋይንት መሆኑን ነገረኝ፤ ከአርብ ገበያ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ግን ቤቱ ድረስ ምን ይወስድሃል? እኔ አመጣልህ የለም እንዴ?» አለኝ።

ሄድኩ። የእናቴን ቢላም በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር።

ሰውየው ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ቤታቸው ከመንደሩ ፈንጠር ያለ ነው፤ መሥሪያው ከቤቱ ጎን፣ በሣር የተከደነ፣ ጨለም ያለ። መስፉ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመኪና አክስል ነው። ወናፉ የፍየል ቆዳ ነው፤ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ይነፋል። ስደርስ አንድ ሌላ ደንበኛ ማረሻ ሊያስተካክል ቆሟል። በዕድሜ እኔን ቢሆን ነው። «ቶሎ በል እንጂ አንተ፣ ልሄድ ነው» ይላቸዋል። አንተ! እዚያ አገር ታላቅ ወንድምህን እንኳ አንቱ ትላለህ። መንገድ ላይ ለማታውቀው ሽማግሌ ከበቅሎ ትወርዳለህ። ያ ልጅ ባለጌ አልነበረም፤ ወዲያው መንገድ ላይ አንድ ቄስ ሲያልፉ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። ለባለ እጅ የሚሆነው ቋንቋ ሌላ ስለሆነ ነው።

እኔም ሲያዩኝ «ምን ላድርግልዎ ጌታው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ቢላ ሊያሠሩልኝ ነበር የመጣሁት» አልኩና የእናቴን ፈትቼ ሰጠኋቸው።

ወደ ብርሃን ይዘውት ወጡ። አፉን አላዩም። ያዩት ብረቱ እጀታው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ነው። ከዚያ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

«ይሄ ያባቴ እጅ ነው» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«እዚህ ጋ አየኸው? ጭራው ላይ አንድ ጊዜ አጥፎ ነው የመታው። እሱ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርግ። እጀታው ቢላላ እንኳ ቢላው እንዳይወጣ ነው። እኔ ይሄን አላደርግም፤ ጊዜ ይፈጃል።» ትንሽ ዝም ብለው «ለእርስዎ ግን አደርገዋለሁ» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ላንተ» ብለው አረሙት። ከዚያ በኋላ ልጄ ነበር የሚሉኝ።

ሙሉ ቀን ዋልኩ። ዩኒቨርሲቲ የብረትና የካርቦን ሥዕል የሚባል ነገር ተምረናል፤ ሙቀቱ በአንድ በኩል፣ ካርቦኑ በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ መስመሮች። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ጥሩም አምጥቻለሁ። ብረት ግን ነክቼ አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። እዚህ መሥሪያ ውስጥ ያ ሥዕል በቀለም ነው የተጻፈው። ቤቱ ጨለም ያለው በድህነት አይደለም፤ የጋለ ብረት ቀለም ፀሐይ ላይ ስለማይለይ ነው። ባሌስትራው ተቆርጦ፣ ግሎ፣ ተቀጥቅጦ የቢላ መልክ ከያዘ በኋላ እንደገና ከሰሉ ውስጥ ገባ። ልጁ ወናፉን ዝግ አደረገ። እሳቸው እያዩ «በርበሬ አልሆነም» ይላሉ። ቀጥለው «አሁን በርበሬ ሆነ» አሉ።

ቦርሳዬ ውስጥ ከስልክ መያዣ የወጣ ማግኔት ነበረኝ። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ለእንዲህ ያለ ብረት የሚፈለገው ሙቀት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። አስፈቅጄ ማግኔቱን በጉጠት ይዤ አስጠጋሁ። «በርበሬ አልሆነም» ሲሉ ይስበዋል። «ሆነ» ካሉ በኋላ አልሳበውም። ሳቁብኝ። ልጁም ሳቀ። እንደገና እንድሞክር ቢላውን አዙረው ሰጡኝና «ማሽንህ ምን አለ?» አሉኝ። ማሽኔ እሳቸው ያሉትን ነው ያለው።

ከዚያ አፉን ብቻ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ጀርባውን አልነከሩም። ውኃ እንዲህ ያለውን ብረት ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ዘይት ይታገሠዋል። አፉ ጠነከረ፤ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ቀረ፤ ሲወድቅ የማይሰበረው በዚህ ነው። ግን ሥራው አላለቀም። አሁን የተነከረ ብረት በጣም ደረቅ ነው። አፉን በድንጋይ ፈተጉና ነጭ እስኪሆን አጠሩት፤ ከዚያ ከጀርባው በኩል ፍሙ አጠገብ አስጠጉት። የጠራው ብረት ላይ ቀለም ይመጣል። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ከዚያ ወርቅማ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። መጽሐፉ ለቢላ ከ220 እስከ 250 ዲግሪ ይላል።

«ጠጅ ሲመስል ታወጣዋለህ» አሉኝ። «ሰማይ ከመሰለ አልፎበታል፤ ያ ለስፕሪንግ ነው።»

ቡና ቀርቦ ጠጣሁ። ይህን የምጽፈው ትልቅ ነገር ስላደረግሁ አይደለም፤ ቡናው መጣ፣ ጠጣሁት። ግን ሲኒውን ስቀበል የቤቱ እመቤት እጄን እያዩኝ ነበር። አንደኛው እንደጠጣሁ ፊታቸው ተፈታ፤ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልሄድም አሉኝ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ የጠየቀችኝ ስለ ቢላው አልነበረም።

«ቀመስክ እንዴ እዚያ?»

«ቡና ጠጣሁ።»

ዝም አለች። ቡና አፈላች። ቡናችን ላይ ጤና አዳም ሁልጊዜ አለ፤ የዚያን ቀን ግን ሲኒው ውስጥ ከቡናው የበለጠው ጤና አዳሙ ነበር። ጠጣሁት። እሷን አልፈርድባትም። ግን የጠጣሁባቸው ሰዎች አባት የሠራው ቢላ 31 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምግባችን ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ሥራው ተበልቷል፤ ሠሪው ግን ቡዳ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። በአገራችን በብዙ ቦታ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ የሆነ ሰው ይፈራል፣ ይናቃል። ሰው ማረሻውን ያስቀጠቅጠዋል፣ ማጭዱን ያሠራዋል፤ ግን ልጁን አይድርለትም፣ ቤቱ አይበላም። ሕፃን ከታመመ ዓይን ወደ ባለ እጁ ቤት ይዞራል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው፣ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል መልእክት አስተላልፈው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

ከአዋጁ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ከነፋስ መውጫ ወደ ምዕራብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተሠርቷል። አጼ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ። ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረቡ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሱ፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ። ወራት ፈጀባቸው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አምሳያው አዲስ አበባ ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ሴባስቶፖልን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ፎቶ ተነስተንበታል። የብረት ሥራ ታሪካችን እያልን እንኮራበታለን። መድፉ ባለፈበት አገር ዛሬ ብረት የሚሠራውን ሰው ግን አንተ እንለዋለን።

እኔ ስመረቅ ስሜ ፊት ኢንጂነር ጨመሩልኝ። አክስቶቼ አሁንም ኢንጂነሩ ነው የሚሉኝ፤ ብረት ጠንክሮልኝ ባያውቅም። የ770 ዲግሪን ልክ በዓይናቸው የሚያውቁት ሰው የተጨመረላቸው ሌላ ስም ነው።

ልጃቸው ባሕር ዳር ብየዳ ቤት ይሠራል። በር፣ መስኮት፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ። ስልኩን ሰጡኝና ደወልኩለት፤ ለምን እንደሄደ ስጠይቀው ገንዘብ ይላል ብዬ ነበር።

«ገንዘቡማ እዚያም አይጠፋም» አለኝ። «እዚህ እሳት ነው፣ እዚያም እሳት ነው። እዚህ ግን ብረታ ብረት ይሉታል። የማን ልጅ ነህ የሚለኝ ሰው የለም።»

አባትየው ይህን ያውቃሉ፤ አልተቃወሙም። የሚነፋው የልጅ ልጃቸውም ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም «ይማር» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ሙሉ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። አያቱ ሳይናገሩ ወናፉን መቼ ዝግ ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። በሶፍትዌር ዓለም አንድ ነገር ቶሎ ትማራለህ፤ ኮድ የሚሞተው ስለተበላሸ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ሥራ ስለለቀቀ ነው። ቢላም እንደዚያው ነው። የእናቴ ቢላ 31 ዓመት የቆየው ብረቱ ልዩ ስለሆነ አይደለም። ሲዶለዱም የሚስለው፣ ሲቀጥን እሳት አስገብቶ የሚያድሰው፣ እጀታው ሲሰበር የሚቀይረው ሰው በእግር መንገድ ርቀት ላይ ስለነበረ ነው። ስዊዞቹ ስሙን ብረቱ ላይ አትመው ዋስትና ይሰጡሃል። የእኛ ዋስትና ሰውየው ራሱ ነበር፤ እሱንም እያባረርነው ነው።

ቢላ ልትገዙ ከሆነ እንግዲህ ያቺ ቀን ካስተማረችኝ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በጥፍራችሁ ምቱትና ስሙት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ነው፤ ድብን ያለ ድምፅ ከሰጠ ወይ እጀታው ላልቷል ወይ ብረቱ ተሰንጥቋል። ከጫፉ በኩል አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እዩት፤ አፉና ጀርባው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጀርባው ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ካልሄደ ከላሜራ የተቆረጠ ነው። ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩን አስፈቅዳችሁ አፉን ነካ አድርጉ፤ ሞረዱ ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ ተንሸራተተ ማለት ጠንክሯል ማለት ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ጠይቁ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ተዉት። አፉን ጥፍራችሁ ላይ ጋደል አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቆሞ ከቀረ ተስሏል፤ ከተንሸራተተ ገና ነው።

ቤት ከገባ በኋላ የካርቦን ብረት ቢላ የሚፈልገው ትንሽ ነው። ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ። ይጠቁራል፤ ይጥቆር፤ ጥቁረቱ ከቀዩ ዝገት ይከላከለዋል። በየሳምንቱ የሲኒ ቂጥ ላይ፣ ያ ያልተቀባው ሻካራው ክብ ላይ፣ አንድ አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ አድርጉት፤ እናቶቻችን የሚያደርጉትን የሚበልጥ መሣሪያ ለዚህ ሥራ ገና አላየሁም። ግራይንደር ያለው ሰው ግን ጋ አትውሰዱት። ግራይንደር አፉን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሰማያዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ቢላው አልቆ ወይራ እጀታ ከተገጠመለት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ስሙ የሚታወቅ የውጭ ቢላ ሁሉ ጎኑ ላይ ምልክት አለው፤ እርስዎም አንድ ፊደል ቢመቱበት አልኳቸው። የስማቸውን መጀመሪያ ብቻ። የብረት መምቻ ፊደል ከባሕር ዳር ልጃቸው ሊልክ ይችላል።

ቢላውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ስሜ ካለበት ማን ያበስልበታል?» አሉ።

የሠሩበትን 600 ብር ጠየቁኝ፤ ከፈልኩ። ባሌስትራውን፣ ከሰሉንና የአንድ ቀን ሥራን ሳሰላው ርካሽ ነው፤ ግን እሳቸው ካሉት በላይ ብሰጥ ምጽዋት ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት። ጭራውን እንደ አባታቸው አጥፈው ነው የመቱት። ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። እህቴ ዕቃዋን ይዛ እስቴ ገባች። ሁለት ወር ቆይታ ደወለችልኝ። ጎረቤቶቿ ለክርስትና ድግስ ሽንኩርት ሲከትፉ ቢላዋን ተዋስለዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት ተገዛ እያሉ ሦስቱ ጠይቀዋታል።

«ምን አልሻቸው?»

«ታች ጋይንት ነዋ፣ ከባለ እጅ። ስማቸውንም ነገርኳቸው።»

«እና?»

«አንዷ ዝም አለች። ሁለቱ ግን ለፋሲካ አዘዋል። ስልኩን ላክልኝ።»

ላክሁላት። የልጃቸውን ነው የላክሁት፤ እሳቸው ስልክ የላቸውም። ልጁም ለበዓል ወደ ቤት ይሄዳል፤ ወናፉን ማን እንደሚነፋ ግን አልጠየቅሁትም።